ሁለተኛው ጥቅል

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ።

ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው አለሚቱ የማን ሳቅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እንዲህ ከእምብርት ተነስቶ ጣራ የሚነካ ሳቅ በአቃቂ በሰቃ የዳሲቱ ብቻ ነው። ያቺ ሴት ጥርሷ አለቀ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ሳቋ ግን እንዳለ ነው።

«ኧረ በሕግ!» አለች ልጇ ፌኔት፣ ከእናቷ ጎን ብድግ ብላ በመስኮቱ ወደ ግቢው እያየች። «አባዬን የቀበርነው እኮ ትናንት ነው። ሰው ምን ይላል? መንገደኛው ሰርግ መስሎት ሊገባ ነው።»

«ከገባ ንፍሮ ስጡት» አለች አለሚቱ።

ፌኔት እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከኮዬ ፈጬ ልብሷን በፌስታል አጭቃ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም፤ አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ደረቷን ትደቃለች እያለች። አለሚቱ ግን በቀብሩ ላይ ለወጉ ያህል ካለቀሰች ወዲህ እንባዋ ጠብ አላለም። ጆሮዋን ወደ ድንኳኑ ቀስራ፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብላለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ያደታ ከዘራቸውን ቸከል ቸከል እያደረጉ ገቡ። ክረምት ከበጋ የማይወልቀው ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

«አለሚቱ፣ እግዜር ያጥናሽ። እኔ እነዚህን ሰዎች አልቻልኳቸውም። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ድንኳናችን እንዲህ ተደፍሮ አያውቅም።»

«ምን አነሱ ደግሞ?»

«ያንን... የዳሲቱን ጥርስ።»

ይህን ሲሉ የአቶ ያደታ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ፌኔት ሊያለቅሱ መስሏት ወንበር ልታቀርብላቸው ስትነሳ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ትከሻቸው ይዘል ጀመር። አለሚቱም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች።

«የምን ጥርስ ነው?» አለች ፌኔት።

የሰፈሩ ወጣት ሟቹን ለሜሳን የሚያውቀው ጡረታ የወጣ የሽመና መኪና ጠጋኝ፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያውን ሳያነሳ ለሕፃን እንኳ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው አድርጎ ነው። የጥንቶቹ የፋብሪካ ሰዎች ግን የሚያውቁት በኦርጋኑ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የፈትል ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ፕሮጀክተር ገዝቶ ነበር። ሥዕሉን ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ድምፁ ግን ገና በሁለተኛው እሁድ ተቃጥሎ ጭስ ሆኖ ወጣ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ተሰበሰበና ምንም ሳይወስን ተበተነ። ሰዉ ደግሞ አንዴ ሲኒማ ለምዷል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወዴት ይሂድ? ክበቡ ውስጥ አንዲት የፈረንጅ ሚስት ጥላው የሄደችው፣ በእግር እየተረገጠ የሚመታ ኦርጋን ነበር። የሻይ ብርጭቆ ይደረደርበታል። ለሜሳ በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር ይመታ ስለነበር፣ ከሰዉ ኋላ ሆኖ እጁን አወጣና «እኔ ልሞክር?» አለ። ብርጭቆዎቹ ተነሱ።

ኦርጋኑ አንድ ክፉ አመል ነበረው። ድምፁ የሚወጣው በጀርባው በኩል ነው። ጀርባውን ለግድግዳ ቢሰጡት የሚሰማው ግድግዳው ብቻ ሆነ። ስለዚህ አዙረው ከሸራው ሥር አቆሙት፤ ለሜሳም ሸራውን ከኋላው፣ ሰዉን ከፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። እንግዲህ ያ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ፊልም ሲያጅብ አንዱንም አላየም። ያየው የሚያዩትን ሰዎች ነው። ሸራ የተባለው የፋብሪካው የራሱ አቡጀዲ ነበር፤ ከእሱ ላይ የተመለሰው ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ለሜሳ ፊልሙን ከዚያ ያነበዋል። ዳሲቱ አፏን ከከፈተች የሚያስቅ ነገር አለ። የፈትል ክፍል ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ካነሱ ፍቅር ነው። ወንዶቹ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ከደረሱ ፈረስ እየጋለበ ነው። ጣቱም ወዲያው ይከተላል።

አንድ እሁድ ታዲያ ዳሲቱ ጥርሷን ታማ መጣች። በጥርስ ሕመም ሲኒማ የሚቀር ሰው አይደለችም። ፊት ለፊት ተቀምጣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ እንባዋን ታወርዳለች። ለሜሳ አየና ልቡ ተሰበረ፤ ‘ሰውዬው ሞቷል ማለት ነው’ ብሎ ድንጋይ የሚያስለቅስ የሐዘን ዜማ ለቀቀው። በዚያች ሰዓት ሸራው ላይ አንድ ወፍራም ፖሊስ መሰላል ተሸክሞ ሌባ ሲያባርር የዱቄት በርሜል ውስጥ በራሱ ይተከላል። እግሩ ብቻ ይወራጫል፤ ኦርጋኑ ያለቅሳል። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ዳሲቱም ከነሕመሟ ሳቀች፤ በሳቋ መሐል ያ የሚነቃነቅ ጥርስ ወልቆ እጇ ላይ ወደቀ። በሚቀጥለው እሁድ ሰዉ ከመግባቱ «ለፖሊሱ ልቅሶ ይመታለት!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ የፈነዳው ሳቅም ይኸው የዱሮው ሳቅ ነበር።

ፊት ፊት ሲያይ የዋለ ሰው፣ ሰዎቹንም ማወቁ አይቀርም። ለሜሳ ለያንዳንዱ የክበቡ ሰው ትንሽ ዜማ አወጣለት። ያኔ አቶ ያደታ በር ላይ በባትሪ ሰው የሚያስቀምጡ የክበቡ አስተናባሪ ነበሩ፤ እሳቸው ብቅ ሲሉ የወታደር ሰልፍ ይመታል። ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ወልደሰንበት ፊልም ሲበጠስበት፣ ዶሮ ሲባረር የሚመስል ነገር ይንጫጫል። አርፍዶ የሚገባ፣ እንቅልፍ የሚጥለው፣ በጨለማ የሰው እጅ የሚይዝ፣ ሁሉም የራሱ አለው፤ ማንም ያለ ዜማ አልቀረም።

አለሚቱስ? የአለሚቱ ነገር ሌላ ነው።

ፊልሙ አንድ፣ ክበቦቹ ሁለት ነበሩ። ተከራይተው የሚካፈሉት ከቃሊቲው የብረታ ብረት ፋብሪካ ጋር ነው። እዚያ ቀድሞ ይጀመራል። የፊልሙን የመጀመሪያ ጥቅል የክበቡ ጋሪ በጊዜ ያመጣዋል፤ ሁለተኛው ግን ቃሊቲ ላይ ታይቶ እስኪያልቅ ጋሪው አይጠብቅም። ስለዚህ ከፈትል ክፍል በሩጫ አንደኛ የወጣችው አለሚቱ ተመረጠች። የቆርቆሮ ሣጥኑን በጀርባዋ አዝላ፣ ጫማዋን በብብቷ ይዛ፣ በባዶ እግሯ በባቡሩ ሐዲድ ዳር ትበራለች። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን ታጠልቃለች፤ በባዶ እግር መግባት ክልክል ነው፤ ከልካዩም ያደታ ናቸው። ከዚያ በሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለች ትገባና ሣጥኑን ለወልደሰንበት ሰጥታ ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች።

በዚህ ምክንያት አለሚቱ የፊልም መጀመሪያ አይታ አታውቅም። ለሜሳ ደግሞ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አላየም። ትውውቃቸውም ከዚህ መጣ። እሁድ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ መጨረሻውን ትነግረዋለች፤ እሱ መጀመሪያውን ከፊቶቹ እየገመተ ይነግራታል። «አንዲት ሴት ደብዳቤ ሳይደርሳት አልቀረም፤ የፈትል ክፍል በሙሉ ተንፍሷል» ይላታል። «ታዲያ ለምንድን ነው መጨረሻ ላይ ባቡር ስር የገባችው?» ትለዋለች። ተከራክረው ሳይጨርሱ ቤቷ ይደርሳሉ። አንድ እሁድ ክርክሩ ስላላለቀ አለፉት፤ ሌላ እሁድም አለፉት፤ በኋላ ሽማግሌ ተላከ።

ክበቡ ሲዘጋ ለሜሳ ኦርጋኑን ለምኖ ወሰደ። ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር በዜማው ይቀበለዋል። ያደታ እንኳ ለእድር ጉዳይ ሲመጡ በሰልፍ ነው የሚገቡት። አለሚቱ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ጠየቀችው።

«ለሁሉም አለው። ለእኔስ?»

«አለሽ እንጂ» አላት ፈገግ ብሎ።

«እስኪ ምታው።»

«አንቺ እያለሽማ አይሆንም።»

አለሚቱ ተቀየመች። እሷ በሌለችበት የሚመታ ነገር ምን ዓይነት ነው? ሐሜት እንጂ! ስለ እግሯ ስፋት እንደሆነ ጠረጠረች፤ ያኔ ቀልደኛ ሁሉ ስለ እግሯ ያወራ ነበር። ‘ሆድ ይፍጀው’ ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ ኩሩ ናት። ለሜሳም ሚስቱ እያለች አንድም ቀን አልመታውም። ለፌኔት ሰርግ መታ፣ ለጎረቤት ልጅ ጥርስ ማውጣት መታ፣ ለዚያ ለሚስቱ ዜማ ግን ጣቱን አላነሳም። በደግነቱ የምትምልለት ባል፣ በዚህች በአንዷ ነገር ብቻ ሆዷን እንዳሻከረው ሄደ። አሁን ያን ዜማ የሚያውቁት ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ነገ ሰልስት ነው፤ ድንኳኑ ይነሳል። ከዚያ አንዱ ሳሪስ ልጁ ጋ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገባል፤ እንደገና የሚሰበስባቸው የሚቀጥለው ሞት ነው፤ እሱም የማን እንደሚሆን አይታወቅም። አለሚቱ ጆሮዋን ቀስራ የምትጠብቀው ይህንን ነበር፤ ደግሞም ትፈራዋለች። ስድብ ቢሆንስ? በሞተ ሰው ላይ እንዴት ይኮረፋል?

ቀኑ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መብራት ጠፋ።

«ይኸው!» አለች ፌኔት። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሀይረዲን «ሻማ አመጣለሁ!» ብሎ ሲሮጥ ተሰማ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ረጭ አለ። 

ከዚያ አንድ ሰው በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። ሁለተኛ ሰው ተቀበለው። ቀጥሎ ወፍራም የሴት ድምፅ ከሥር ገባ። አለሚቱ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ቢደበዝዝባትም ዜማው የማታውቀው መሆኑ ገባት። የባሏን ጣት ጠባይ ግን የት አገር ብትሰማው አትስተውም። ተነሳች።

«እማዬ፣ የት ነው? በጨለማ!»

አለሚቱ ፌኔት ለሐዘኑ የገዛችላትን ጥቁር ጫማ አጠለቀችና ወደ ግቢው ወጣች። የግቢው ሲሚንቶ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለች። ገና የድንኳኑን ሸራ ሳትገልጥ ዜማው ቀጥ አለ።

ሀይረዲን ሻማውን ይዞ ደረሰ። በጭላንጭሉ ሁሉም ፊት ወደ እሷ ዞሮ አየች።

«ምንድን ነበር የምታንጎራጉሩት?»

«ይቅርታ፣ አለሚቱ» አለ ወልደሰንበት፤ ያ የፕሮጀክተሩ ሰው አሁን ዓይኑ ደክሟል። «ጨለማው ነው። ሲጨልም ሳናስበው አፋችን...»

«አልተቆጣሁም። ለምን አቆማችሁ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አንቺ ገባሻ!» አለች ዳሲቱ፣ ይኼም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ።

አለሚቱ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «እኔ ስገባ ነው የሚቆመው?»

«ሴትዮ፣ የምርሽን ነው?» ወልደሰንበት ወደ እሷ ተጠጋ። «የመጀመሪያው ጥቅል ሲያልቅ አዳራሹ ይጨልማል። አንቺ ገና ሐዲዱ ላይ ነሽ። ሰዉ ያፏጫል፣ ወንበር ይመታል። ለሜሳ ይሄን ይጀምራል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል። አንቺ እስክትደርሺ ነው። የጫማሽ ኮቴ ሲሚንቶው ላይ ቋ ሲል ጣቱን ያነሳል። ‘ኧረ ጨርሰው’ ስንለው ‘ደረሰች እኮ፣ ምን እጠብቃለሁ?’ ይለናል።»

«እኔ በር ላይ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

«በሩ ላይ ያ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነበር፤ መድፍ ቢተኮስም አይሰማሽም» አሉ ከኋላዋ ተከትለው የገቡት አቶ ያደታ። «አንድ ቀን ዕቃ ጫኝ ባቡር መንገድ ዘግቶብሽ ቆየሽ፤ ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ብዙ መታው። ይመታል ይመታል፣ ዓይኑ በር በሩን ያያል። ስትገቢ ሰዉ ፊልሙን ረስቶት ነበር። እኔም ባትሪዬን ማጥፋት ረስቼ...» ካፖርታቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«አቃቂ በሙሉ ያውቀዋል» አለች ዳሲቱ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው! አንቺ ምን መስሎሽ ኖርሽ?»

«ስለ እግሬ መስሎኝ!» አለች አለሚቱ። «እግሬን የሚሰድብ ነገር መስሎኝ ስቀየመው ኖርኩ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ዳሲቱ አይደለችም። ራሷ አለሚቱ ናት። ሳቋ ያመለጣት ሳታውቀው ነው፤ ከዚያ ዳሲቱ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ድንኳኑ። በሩ ላይ የቆመችው ፌኔት ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቁ ቀደማት። አለሚቱ ደስ አላት፤ በዚያን ዕለት፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ እንደ ልጃገረድ ደስ አላት።

«በሉ አሰሙኝ» አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

አቶ ያደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በለቅሶ ድንኳን ሙዚቃ ክልክል ነው። ደንብ ነው።»

«ሙዚቃ ማን አለ?» አለች ዳሲቱ። «አፋችንን ዘግተን ነው እኮ።»

ዳኛው አሰቡ። «አፍ ተዘግቶ ስለሚሆን ነገር ደንቡ የሚለው የለም» ብለው ፈረዱ።

ወልደሰንበት ማንጎራጎር ጀመረ፤ ዜማው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ቆመ። ዳሲቱ ሞከረች፤ አለሚቱን አየቻትና ተወችው። ሌላው ሳል ያዘው። ለካ ያ ሁሉ እሁድ ጉሮሯቸው ውስጥ ልማድ ሆኖ ተቀምጧል፤ እሷን እያዩ መቀጠል አቃታቸው።

«አንቺ እያለሽማ አይሆንም» አለ ወልደሰንበት አፍሮ።

አለሚቱ ቀና አለች። ቃሉ ያው የለሜሳ ቃል ነበር። ያኔ እንደ ስድብ የሰማችው ነገር አሁን ሌላ ሆኖ ጆሮዋ ገባ። ተነሳች።

«በሩን እኔ እይዛለሁ» አሉ አቶ ያደታ፤ ከካፖርታቸው ኪስ ባትሪ አውጥተው፣ ቀጥ ብለው የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሙ።

አለሚቱ ወደ ግቢው ወጣች። ሲሚንቶው ላይ አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ፣ ጫማዋን በብብቷ ይዛ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ አጥሩ ጥግ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ደረሰችና ተቀመጠች።

 ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ተጀመረ።

ዜማው አልቸኮለም። መንገድ ዳር ቆሞ አሻግሮ እንደሚያይ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ከፍ አለ፤ የመጣች መስሎት ፈጠን አለ፤ እሷ አለመሆኗን ሲያውቅ ዝቅ አለና እንደገና ጀመረ። አለሚቱ ሐዲዱን አየችው። የእግሯን ውስጥ የሚያቃጥለው ጠጠር፣ ጀርባዋን የሚመታው ቆርቆሮ፣ እንዳትዘገይ ስትፈራ የሚመታው ልቧ ትዝ አላት። እሷ በዚያ ስትሮጥ እሱ በዚህ እንዲህ ይላት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ለካ የሚያስሮጣት ፊልሙ ብቻ አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ ያ ፌኔት ስትጠብቀው የቆየችው እንባ፤ አለሚቱም አላገደችውም፣ ፊቷ ላይ ግን ሳቁ አልጠፋም ነበር።

መብራት መጣ። የድንኳኑ አምፖል ቦግ አለ። ማንም አላቋረጠም፤ እሷ ገና አልገባችማ።

ዜማው ዞሮ መጣ፣ እንደገና ዞሮ መጣ። ፌኔት የድንኳኑን ሸራ ገልጣ በዓይኗ ፈለገቻትና ወደ ድንጋዩ መጣች።

«እማዬ፣ መብራት መጣ እኮ። ብርድ ይመታሻል፤ ግቢ እንጂ። ጋሽ ወልደሰንበት ትንፋሹ አልቆ ሌላ ለቅሶ ሊያመጣብን ነው።»

አለሚቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተዪ» አለች በሹክሹክታ። «ገና አልደረስኩም።»

ጫማዎቿን ከብብቷ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸውና በእግሯ ጫፍ ወደ ድንጋዩ ሥር ገፋ አደረገቻቸው።